ያጋደለች ምድርና የቀና ሚዛን

ምስጋና ሌሊትንና ቀንን ለሚያፈራርቀው፣ ለነገር ሁሉ ልክና መጠን ላደረገለት ለአላህ ይሁን። ሶላትና ሰላም በነቢያችን በሙሐመድ፣ በቤተ ሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ሁሉ ላይ ይውረድ።

ከዚህ በኋላ፤ ውድ አንባቢ ሆይ! በሱቅህ ውስጥ ያለውን ሚዛን ተመልከት። ምላሱ ቀጥ ብሎ ሲቆም ገዢውም ሻጩም ልባቸው ያርፋል። ወደ አንዱ ወገን ጥቂት ዘንበል ያለ እንደ ሆነ ግን ከሁለቱ አንዱ ተበድሏል። ስለዚህ በነጋዴ ዘንድ ቅንነት ማለት ቀጥ ማለት ነው፤ ማጋደልም ማለት በደል ነው። ታዲያ ይህች የምንኖርባት ምድር ራስዋ ያጋደለች መሆንዋን ስትሰማ ምን ትላለህ? ከዚህም ማጋደል የተነሣ አንዱ አገር ረጅም ቀን፣ ሌላው አገር አጭር ቀን፣ አንዱ ሙቀት፣ ሌላው ብርድ እንደሚደርሰው ስታውቅ፣ ይህ ክፍያ ፍትሕ አለበትን ብለህ አትጠይቅምን?

ይህ ጥያቄ ሥራ የፈታ ሰው ጥያቄ አይደለም። ዛሬ ከልጆቻችንና ከወንድሞቻችን ብዙዎቹ በስቶክሆልም፣ በኦስሎና በለንደን ይኖራሉ። ረመዳን በረጅሞቹ ቀኖች በገባ ጊዜ በስልክ ሲያነጋግሩን፣ «እናንተ የምትጾሙት 13 ወይም 14 ሰዓት ነው፤ እኛ ግን ፀሐይዋ አልጠልቅ ብላናለች። አምላካችን አንድ፣ ጾማችንም አንድ ሲሆን፣ ድካማችን ስለ ምን ተለያየ?» ይላሉ። ይህን የሚጠይቅ ልጅ ሃይማኖቱን የተወ አይደለም፤ ፍትሕን የሚፈልግ ነው እንጂ። ፍትሕን ለሚፈልግ ሰው ደግሞ መልሱ ቁጣ ሳይሆን ማስረዳት ነው።

በመጀመሪያ የነገሩን አሠራር እንረዳ። አሠራሩን ሳያውቁ ስለ ፍትሑ መከራከር ሸቀጡን ሳያዩ ዋጋ እንደ መቁረጥ ነውና። አንድ ብርቱካን ውሰድና ከላይ እስከ ታች ስንጥር አሳልፍበት። በጨለማ ክፍል ውስጥ ፋኖስ አብርተህ በጠረጴዛ መካከል አስቀምጥ። ፋኖሱ ፀሐይ ነው፤ ብርቱካኑ ምድር ነው፤ ስንጥሩም ምድር የምትሾርበት ዘንግ ነው። አሁን ስንጥሩን ቀጥ አድርገህ አትያዘው፤ ጫፉን ወደ አንዱ ግድግዳ ጥቂት ዘንበል አድርገው። ብርቱካኑንም እያሾርህ በፋኖሱ ዙሪያ አዙረው። ነገር ግን አንድ ነገር ጠብቅ፤ ይኸውም በዙሩ ሁሉ የስንጥሩ ጫፍ ወደዚያው ወደ አንዱ ግድግዳ እንዲያመለክት ነው። ይህን ስታደርግ፣ በዙሩ በአንደኛው ወገን የብርቱካኑ ላይኛ ክፍል ወደ ብርሃኑ አጎንብሶ ታየዋለህ። በሌላው ወገን ሲደርስ ግን ከብርሃኑ ፊቱን ይመልሳል፤ ታችኛው ክፍልም ተራውን ያገኛል።

ምድርም እንዲሁ ናት። ዘንግዋ ከቀጥታው 23 ዲግሪ ከ26 ደቂቃ ያህል አጋድሎ፣ ዓመቱን ሙሉ ወደ ሰሜን ኮከብ አቅጣጫ ያመለክታል። የሲራራ ነጋዴዎች በሌሊት መንገድ ሲመሩበት የኖሩት ያ ኮከብ ከቦታው የማይነቃነቅ መስሎ የሚታየው በዚሁ ምክንያት ነው። በሰኔ 14 ቀን ገደማ የምድር ሰሜናዊ ክፍል ወደ ፀሐይ እጅግ ያጎነበሰበት ቀን ይሆናል። በታኅሣሥ 12 ወይም 13 ቀን ገደማ ደግሞ ደቡባዊው ክፍል ያጎነብሳል። በመካከላቸው በመጋቢትና በመስከረም 12 ቀን ገደማ ምድር ለፀሐይ ጎንዋን ትሰጣለች፤ በእነዚያም ሁለት ቀኖች በዓለም ሁሉ ቀኑና ሌሊቱ ይተካከላሉ።

ብዙ ሰዎች ግን ሙቀት የሚመጣው ምድር ወደ ፀሐይ ስለምትቀርብ፣ ብርድም የሚመጣው ስለምትርቅ ነው ብለው ያስባሉ። ይህ ስሕተት ነው። ምድር ወደ ፀሐይ እጅግ የምትቀርበው በአውሮፓ አቆጣጠር በጃንዋሪ መጀመሪያ ሲሆን፣ በዚያን ጊዜ ርቀትዋ 147 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ያህል ነው። እጅግ የምትርቀው በጁላይ መጀመሪያ ነው፤ ያን ጊዜም ርቀትዋ 152 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል። እንግዲህ የሰሜን አገሮች በበረዶ የሚሸፈኑት ምድር ለፀሐይ በቀረበችበት ወራት ነው። ደግሞም የሰሜን ሰዎች በብርድ በሚንቀጠቀጡበት ወር የደቡብ አፍሪካና የአውስትራልያ ሰዎች በሙቀት ላይ ናቸው፤ ምክንያቱ ርቀት ቢሆን ኖሮ ሁሉም በአንድ ጊዜ በሞቃቸው ወይም በበረዳቸው ነበር።

እውነተኛው ምክንያት ሁለት ነው። አንደኛው የፀሐይ ከፍታ ነው። አንድ ቁና እህል በትንሽ ሰሌን ላይ ብታሰጣ ወፍራም ሆኖ ይተኛል፤ ያንኑ ቁና በሰፊ ሰሌን ላይ ብትበትነው ይሳሳል። የፀሐይም ብርሃን ከራስ በላይ ሲወርድ በጠባብ መሬት ላይ ይከማቻል፤ ከአድማስ አጠገብ በጎን ሲመጣ ግን በሰፊ መሬት ላይ ይበተናል። ፀሐይዋ 30 ዲግሪ ብቻ ከፍ ስትል ብርሃንዋ የሚሸፍነው መሬት እጥፍ ይሆናል። በስቶክሆልም በታኅሣሥ ቀትር ላይ ከአድማስ በላይ ከፍታዋ 7 ዲግሪ ያህል ነው፤ በዚያም ጊዜ ያው ብርሃን በስምንት እጥፍ መሬት ላይ ይሳሳል። ሁለተኛው ምክንያት የቀኑ ርዝመት ነው። ወደ ብርሃን ባጎነበሰው ክፍል ፀሐይ ቀድማ ወጥታ ዘግይታ ስለምትጠልቅ፣ ምድሪቱ ረጅም ጊዜ ትሞቃለች፤ ጥቂት ጊዜም ትቀዘቅዛለች።

አንባቢ ሆይ! ይህ ትምህርት ከባዕድ የመጣብን እንግዳ ነገር አይምሰልህ። በራቃ ከተማ ይኖር የነበረውና በአውሮፓ አቆጣጠር በ929 የሞተው ሊቅ አል በታኒ የዚህን ማጋደል ልክ በመሣሪያ ለክቶ 23 ዲግሪ ከ35 ደቂቃ አገኘ። መንገዱም ቀላል ነው፤ በረጅሙ ቀንና በአጭሩ ቀን ቀትር ላይ የፀሐይን ከፍታ ለክቶ፣ አንዱን ከሌላው ቀንሶ፣ የቀረውን ለሁለት ማካፈል ነው። የእርሱ ቁጥር ከዛሬው በ9 ደቂቃ የሚበልጠው ስለ ተሳሳተ አይደለም፤ ማጋደሉ ራሱ በመቶ ዓመት ውስጥ ከአንድ ደቂቃ ባነሰ መጠን እየቀነሰ ስለሚሄድ ነው። አሥራ አንድ መቶ ዓመት ያለፈበት ልኬት ዛሬ ተመርምሮ ልክ ሆኖ ሲገኝ፣ የእጅ ሥራን በታማኝነት መሥራት ምን ያህል ዕድሜ እንዳለው ተመልከት!

አንተም ብትሆን ይህን ማጋደል ሳታውቀው በየቀኑ ትጠቀምበታለህ። የዙህርና የዐስር ሶላት ጊዜ የሚታወቀው በጥላ ነው። በቀትር የሚቀረው ጥላ ግን ወር በወር ይለዋወጣል፤ ስለዚህ የዐስርን ጊዜ የሚያሰላ ሰው አስቀድሞ የቀትሩን ጥላ ለይቶ ማስቀመጥ አለበት። በአዲስ አበባ በሚያዝያ 5 ቀን ገደማና በነሐሴ 23 ቀን ገደማ ፀሐይ ከራስ በላይ ስለምትቆም፣ የቆመ በትር በቀትር ጥላ የለውም። በእነዚህ ሁለት ቀኖች መካከል ባለው ወራት የቀትር ጥላ ወደ ደቡብ ይወድቃል፤ በቀረው ዓመት ወደ ሰሜን ይወድቃል። በመካም እንዲሁ በግንቦት 19 ወይም 20 እና በሐምሌ 8 ወይም 9 ቀን ገደማ ፀሐይ በካዕባ ትክክል በላይ ትቆማለች። ይህም የሚሆነው በእኛ ሰዓት ቀትር 6 ሰዓት ካለፈ በኋላ፣ በግንቦት 18 ደቂቃ ያህል፣ በሐምሌ 27 ደቂቃ ያህል ቆይቶ ነው። በዚያች ደቂቃ በትርህን ቀጥ አድርገህ ትከል፤ ከጥላው ጫፍ ወደ በትሩ ሥር የምታየው አቅጣጫ ቂብላ ነው። እንግዲህ ምድር ባታጋድል ኖሮ ፀሐይ በመካ ላይ አትቆምም ነበር፤ ይህም ምልክት ባልተገኘ ነበር።

አሁን ወደ ክፍያው እንመለስ። በአዲስ አበባ ረጅሙ ቀን 12 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ያህል ነው፤ አጭሩ 11 ሰዓት ከ35 ደቂቃ ያህል ነው። ልዩነቱ አንድ ሰዓት ያህል ብቻ በመሆኑ፣ እኛ ሰዓታችንን ከፀሐይ መውጣትና መጥለቅ ጀምረን ስንቆጥር ብንኖር ምንም አልተቸገርንም። በኢስታንቡል ግን ረጅሙ ቀን 15 ሰዓት፣ አጭሩ 9 ሰዓት ያህል ነው። በዑስማናውያን መንግሥት ዘመን ሰዓታቸውን ከፀሐይ መጥለቅ ጀምረው ይቆጥሩ ስለ ነበር፣ የእጅና የግድግዳ ሰዓታቸውን ዘወትር ማስተካከል ግድ ሆኖባቸው ነበር። በመካ ረጅሙ ቀን 13 ሰዓት ተኩል፣ አጭሩ 10 ሰዓት ከ50 ደቂቃ ያህል ነው። በለንደን ከ16 ሰዓት ተኩል በላይ ይደርሳል፤ ወደ 8 ሰዓት ገደማም ያጥራል። በስቶክሆልም ከ18 ሰዓት ተኩል እስከ 6 ሰዓት ነው። ከዚያም በላይ ወደ ሰሜን በሄድህ ቁጥር ጭራሽ የማትጠልቅበትና ጭራሽ የማትወጣበት ወራት ይመጣል።

ይህን ስትሰማ የሰሜኑ ሰው ብርሃን በዝቶለታል ትል ይሆናል፤ ወይም ጨለማ በዝቶበታል ትል ይሆናል። ሁለቱም አይደለም። የዓመቱን መዝገብ ብትዘጋው፣ በምድር ላይ ያለ አገር ሁሉ የቀን ሰዓቱ ከዓመቱ ሰዓት ግማሽ ያህል፣ ማለት 4,383 ሰዓት ገደማ ሆኖ ታገኘዋለህ። አየር ብርሃንን ስለሚያጥፍና ምድርም በጉዞዋ ፍጥነትዋን ስለምትለዋውጥ ትንሽ ብልጫ ይኖራል እንጂ፣ የክፍያው መሠረት አንድ ነው። ለእኛ በየቀኑ ጥቂት በጥቂት ይከፈለናል፤ ለእነርሱ በአንዱ ወራት በብዙ ተሰጥቶ በሌላው ወራት ይያዝባቸዋል። የዕለት ሂሳብና የዓመት ሂሳብ ያለው ነጋዴ ይህን ለመረዳት ረጅም ንግግር አያስፈልገውም። በአንድ ቀን ሽያጭ ከስሬያለሁ ብሎ ሱቁን የሚዘጋ ማነው?

የጾሙም ነገር እንዲሁ ነው። የሂጅራ ዓመት በጨረቃ ስለሚቆጠር ከፀሐይ ዓመት 11 ቀን ያህል ያጥራል። ስለዚህ ረመዳን በየዓመቱ ወደ ኋላ እየተመለሰ በ33 ዓመት ገደማ ውስጥ በወራቱ ሁሉ ላይ ያልፋል። በአውሮፓ አቆጣጠር በ2015 ረመዳን የገባው በጁን አጋማሽ ነበረ፤ የሰሜን ሰዎች ያን ጊዜ እጅግ ረጅሞቹን ቀኖች ጾሙ። በ2030 ግን በጃንዋሪ መጀመሪያ አንድ ጊዜ፣ በዲሴምበር መጨረሻ ሁለተኛ ጊዜ ይገባል፤ ያን ጊዜ እኛ 13 ሰዓት ያህል ስንጾም እነርሱ ከእኛ እጅግ ባነሰ ሰዓት ያፈጥራሉ። ከእስልምና በፊት የነበሩት ዐረቦች ወርን እየጨመሩና እያዘዋወሩ ዓመቱን ከወራቱ ጋር የማሰር ልማድ ነበራቸው፤ ይህም «ነሲእ» የሚባለው ነው። ቁርኣን ይህን ሻረ። ያ ልማድ ቢቀር ኖሮና ረመዳን በአንድ ወራት ላይ ቢታሰር ኖሮ፣ የሰሜን ሰዎች ለዘላለም በረጅም ቀን፣ የደቡብ ሰዎች ለዘላለም በአጭር ቀን በጾሙ ነበር፤ ወይም ነገሩ በተገላበጠ ነበር። ያጋደለችው ምድር ያመጣችውን ልዩነት ተዘዋዋሪው ጨረቃ ሲያስተካክለው ታያለህን?

ነገር ግን ሚዛኑ በ33 ዓመት ይተካከላል ማለት ዛሬ የደከመውን ሰው አያሳርፈውም። ሽማግሌው 33 ዓመት ላይጠብቅ ይችላል፤ ነፍሰ ጡርዋና በሽተኛውም የዛሬው ቀን ይከብዳቸዋል። ስለዚህ ሕጉ ዝም አላለም። በሽተኛና መንገደኛ በሌላ ቀን እንዲከፍሉ ተፈቀደላቸው፤ በረጅሙ ቀን ያፈጠረ በሽተኛ በአጭሩ ቀን ቢከፍል ዕዳው የቀን ቁጥር እንጂ የሰዓት ቁጥር አይደለም። ከቶ መጾም ለማይችለው አዛውንት ደግሞ ድኻን ማብላት ተደነገገለት።

ስለ ሶላት ጊዜም ሊቃውንት ከጥንት ጀምሮ ደክመዋል። በ309 ዓመተ ሂጅራ፣ ማለት በአውሮፓ አቆጣጠር በ921፣ ኢብን ፈድላን የሚባለው ሰው ከኸሊፋው ከአል ሙቅተዲር መልእክተኞች ጋር ከባግዳድ ተነሥቶ በቮልጋ ወንዝ አጠገብ ወደሚኖሩት ቡልጋሮች ተጓዘ። እዚያም የደረሰው በሚቀጥለው ዓመት በሜይ ወር ነበረ። ሌሊቱ እጅግ ከማጠሩ የተነሣ የምሽቱ ሶላትና የንጋቱ ሶላት ጊዜ ሊገናኙ መቃረባቸውን፣ ሙአዚኑም ፈጅር እንዳያመልጠው ፈርቶ ሌሊት መተኛትን መተዉን በጉዞ መዝገቡ ጽፏል። ምክንያቱ ዛሬ ግልጽ ነው። ያ አገር ከምድር ወገብ 55 ዲግሪ ያህል ወደ ሰሜን ስለ ሆነ፣ በረጅሞቹ ቀኖች ፀሐይ በእኩለ ሌሊት እንኳ ከአድማስ በታች የምትወርደው 12 ዲግሪ እንኳ በማይሞላ ነው፤ ስለዚህ የምሽቱ ብርሃን ፈጽሞ ሳይጠፋ የንጋቱ ብርሃን ይተካዋል።

ከዚህ የተነሣ፣ የምሽቱ ብርሃን በማይጠፋበት አገር ዒሻእ ግዴታ ነውን የሚል ክርክር በሊቃውንት መካከል ለብዙ መቶ ዓመታት ቆየ። የጊዜው ምልክት ስለ ጠፋ ግዴታው ይወድቃል ያሉ ነበሩ። የካዛኑ ሊቅ ሺሃቡዲን አል መርጃኒ፣ በአውሮፓ አቆጣጠር ከ1818 እስከ 1889 የኖረው፣ ግዴታው አይወድቅም ብሎ ስለዚሁ ነገር ራሱን የቻለ መጽሐፍ ጻፈ። ዛሬም ቀንና ሌሊት በማይለይበት አገር ያለ ሰው ጊዜውን በግምት እንዲወስን፣ አንዳንዶቹ ቀንና ሌሊት በሚለይበት በቅርቡ ከተማ፣ አንዳንዶቹ በመካና በመዲና ሰዓት እንዲለካ ይፈርዳሉ። ወንድሜ ሆይ! በስቶክሆልም ያለው ልጅህ በአንዱ ፈትዋ፣ የጎረቤቱ ልጅ በሌላው ቢሠራ ስለዚህ አትጣሉ። ልዩነቱ የመጣው ከምድር ቅርጽ እንጂ ከልብ ጥመት አይደለምና።

አሁን ወደ ከባዱ ተቃውሞ ደርሰናል። አንድ አስተዋይ ሰው፣ «የሰዓቱ ቁጥር ይተካከል፤ ሙቀቱስ?» ብሎ ቢጠይቅ እውነት አለው። በዋልታዎቹ ላይ በዓመት የሚወርደው የፀሐይ ኀይል በምድር ወገብ ላይ ከሚወርደው ግማሽ እንኳ አይደርስም። እነሆ በሰዓት እኩል የሆነው መዝገብ በሙቀት እኩል አይደለም። ይህን መደበቅ አይገባንም፤ የተበላሸን ሂሳብ በመሸፋፈን አምላክን ማመስገን አይቻልምና።

ይሁን እንጂ ማጋደሉ ባይኖር ምን ይሆን እንደ ነበረ አስብ። ምድር ቀጥ ብላ ብትቆም ኖሮ በዓለም ሁሉ ቀኑ ዘወትር 12 ሰዓት በሆነ ነበር፤ ላይ ላዩን ሲያዩት ፍጹም እኩልነት ነው። ነገር ግን በስቶክሆልም የቀትር ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ ከ31 ዲግሪ በላይ ከፍ አትልም ነበር። ዛሬ በሰኔ 54 ዲግሪ ያህል ከፍ ትላለች፤ በእነዚያም ጥቂት ወራት ስንዴው በቅሎ ያፈራል። እንግዲህ የቀጥታዋ ምድር እኩልነት የሩቁን አገር በዘላለም ቅዝቃዜ ባስቀረው ነበር፤ የማጋደሉ ልዩነት ግን የመዝሪያና የማጨጃ ወራት ሰጠው። የእኛም ክረምት ከዚሁ ነው። ፀሐይ ወደ ሰሜን ስትሄድ የዝናቡ መቀነት ይከተላታል፤ በሰኔ፣ በሐምሌና በነሐሴ በደጋችን ላይ ይወርዳል፤ ዓባይም ሞልቶ እስከ ምስር ይደርሳል። አውሮፓውያን የሙቀት ወራት ብለው ደስ በሚሰኙበት ጊዜ እኛ ጋቢ ተከናንበን ጭቃ የምንረግጠው በአንዲቱ ማጋደል ምክንያት ነው። ነፋሱም እንዲሁ በወራት ስለሚገለበጥ፣ የሕንድና የዐረብ ባለ ጀልባዎች በአንዱ ወራት ነፋስ ወደ አፍሪካ ጠረፍ ወርደው፣ በሌላው ወራት ነፋስ ወደ አገራቸው ይመለሱ ነበር። ፈረንጆች ያን ነፋስ የሚጠሩበት ስም «መውሲም» ከሚለው የዐረብ ቃል የወጣ ነው። የቁረይሽም ነጋዴዎች በብርድ ወደ የመን፣ በሙቀት ወደ ሻም ይጓዙ እንደ ነበረ በስማቸው የተጠራው ሱራ ያስታውሳል፤ ያንን ጸጋ ካስታወሰም በኋላ ያዘዛቸው የሰጣቸውን ጌታ እንዲገዙ ነው።

እንግዲህ ለጥያቄያችን መልስ አግኝተናል። ፍትሕ ማለት በየሰዓቱ እኩል ማካፈል ብቻ አይደለም። ለእያንዳንዱ የሚኖርበትን መስጠት፣ የወሰዱትንም በጊዜው መመለስ ነው። ምድር ታጋድላለች፤ ነገር ግን ስድስት ወር ለሰሜን ካጋደለች ስድስት ወር ለደቡብ ታጋድላለች። የሌባ ነጋዴ ሚዛንም ያጋድላል፤ ነገር ግን ዘወትር ወደ ባለቤቱ ብቻ ነው። የማትመለስ ማጋደል በደል ናት፤ የምትመለስ ማጋደል ግን ምሕረት ልትሆን ትችላለች። በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት ያላወቀ ሰው፣ «ዓለም ራስዋ ያጋደለች ናትና እኔስ ባጋድል ምን አለበት?» ብሎ ራሱን ያታልላል።

ደግሞም አምላክ የሙቀቱን መዝገብ እኩል አለማድረጉ ለነጋዴው ሥራ መስጠቱ ነው። ሁሉም አገር ሁሉን ቢያበቅል፣ ሁሉም ወር ቢያሳጭድ ኖሮ ንግድ ባላስፈለገ ነበር። አንተ ከተትረፈረፈበት ቦታ ወደ ጎደለበት ቦታ፣ ከጥጋብ ወር ወደ ችግር ወር የምታሸጋግር ሰው ነህ። ከመኸር ገዝተህ በነሐሴ ስትሸጥ፣ ለጎተራህ ኪራይ፣ ለነቀዙ፣ ለድካምህ ተገቢ ትርፍ ብትወስድ ሥራህ የተባረከ ነው። የሰው ልጅ ተርቦ እያየህ ዋጋው ይጨምር ብለህ በርህን ከዘጋህ ግን ይህ «ኢሕቲካር» ነው፤ ነቢዩ ያወገዙት ነገር ነው። ያው እህል፣ ያው ጎተራ፣ ያው ወር ሲሆን፣ የሚለያቸው በበሩ ላይ ያለው እጅ ነው።

የቀን ሠራተኛንም አስብ። «በቀን ይህን ያህል» ብለህ ስትቀጥር የቀኑ ልክ ምን ያህል ነው? በአገራችን ልዩነቱ ትንሽ ነው፤ ነገር ግን በውጭ አገር ሱቅ ከፍተህ ሌላ ወንድምህን ያሠራህ እንደ ሆነ፣ የ18 ሰዓት ብርሃንና የ6 ሰዓት ብርሃን አንድ ቀን ተብለው አንድ ደመወዝ ሊያገኙ ይችላሉን? የኪራይ ውል ሥራውም ዋጋውም ጊዜውም የታወቀ እንዲሆን ሕጋችን የሚያዘው ስለዚህ ነው። ፀሐይዋ ስለ ረዘመች ያንተ ጥቅም፣ ስለ አጠረች የእርሱ ጉዳት እንዳይሆን፣ ሰዓቱን ቆርጠህ ጻፍለት። በረመዳንም ረጅም ቀን የሚጾመውን ሠራተኛህን ከባዱን ሥራ በማለዳ አሠርተህ በከሰዓት አሳርፈው።

ለቤተ ሰብ ደግሞ ይህን እላለሁ። ልጆቻችሁ ይህን የምድርን አሠራር በትምህርት ቤት ሲማሩ፣ «ይህ የፈረንጅ ነገር ነው» ብላችሁ አትገሥጹአቸው። ምክንያቱን ማወቅ ጥበቡን አይሽርም። የሰዓትን ጥርስና ምንጭ ፈትቶ ያየ ሰው ለሠሪው ያለው አክብሮት ይጨምራል እንጂ አይቀንስም። ብርቱካኑንና ፋኖሱን አምጡ፤ ከልጆቻችሁ ጋር አዙሩት። ልጁ በምድር ማጋደል ምክንያት አጎቱ በስዊድን ስለ ምን ዘግይቶ እንደሚያፈጥር በዓይኑ ሲያይ፣ ሳይንሱንም ዝምድናውንም በአንድ ማታ ይማራል። ከዚያም በኋላ ስልኩን አንሥታችሁ፣ ከእናንተ ቀድማችሁ ስታፈጥሩ ለእነዚያ ገና ለሚጠብቁት ዱዓ አድርጉላቸው፤ ተራው ወደ እናንተ ሲመለስ እነርሱ ያደርጉላችኋልና።

አላህ ሆይ! ሚዛናችንን የቀና፣ ልባችንንም ወደ ደከመው የሚያዘነብል አድርግልን። በረጅሙ ቀን ትዕግሥትን፣ በአጭሩ ቀን ምስጋናን ስጠን። በሩቅ አገር ያሉትን ዘመዶቻችንን ጠብቅልን፤ መዝገባችን በሚዘጋበትም ቀን ከማንም ላይ ያጎደልነው እንዳይገኝብን እርዳን። አሚን።